ከባሕር የተረፈ አይጠየቅም

ባሌ ዋረን ሲያወራ ሰማሁት። ለሌላ ሴት ይሄ ወሬ አይደለም፤ ለእኔ ግን ነው። አንዱን ቦቲ አውልቄ ሌላውን ሳላወልቅ በጓሮው በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። በዚያ ሰዓት ቤት መምጣት አልነበረብኝም። ጀልባዎቹ ነፋሱን ፈርተው ከማዶዋ ደሴት ጀርባ ተጠልለው ስላደሩ የሚሰነጠቅ ስካሎፕ፣ ያ ባለ ዛጎሉ የባሕር ሥጋ፣ ጠፋና፣ አለቃችን ገና እጃችን ሳይርስ "ከምሳ በኋላ ተመለሱ" ብሎ በተነን። እኔም ምድጃው ላይ እንጨት ልጨምር፣ እግሬን ላሙቅ ብዬ መጣሁ። የሐምሌ ነፋስ ጣሪያውን እየደበደበ ስለነበር ከማድቤት የሚመጣውን ድምፅ መጀመሪያ ሬዲዮ ነው ያልኩት። ዋረን እቤት ውስጥ በየቃሉ ግብር የሚከፍል ይመስል "እ" እና "አይ" ነው የሚለው፤ ሲበዛበት "ጨው" ይላል። ይሄ ድምፅ ግን ረጅም ነበር። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። አንዴ እንዲያውም ሳቀ። ባሌ ለካ ሲስቅ መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ረስቼው ነበር። ከዚያ መሀል "ሮድኒ" የሚል ሰማሁ። ቀጥሎ የተከራያችን ሴትዮ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ "ከዚያስ?" አለ። ተረት የሚነገረው ልጅ እንደሚለው፤ ከዚያስ።

ሮድኒ ወንድሜ ነው፣ ታናሼ። ባሕር ከወሰደው ዘጠኝ ዓመቱ። ከዋረን ጋር ሲልቪያ በምትባለው ጀልባችን ወጥተው ነበር፤ ሁለት ሆነው ወጡ፣ አንዱ ተመለሰ። ዋረን የተመለሰ ቀን ሴቶቹ ድስታቸውን፣ ወንዶቹ ፍልጥ እንጨታቸውን ይዘው መጡ፣ ቤቱ ሰው ሞላው፣ ግን እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኛ የካሪክ ወደብ ሰዎች ከባሕር የተረፈን ሰው አንጠይቅም። ፖሊስ ይጠይቃል፤ ፖሊስ ደሞዙ ነው፣ ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ ይሄዳል። ሰው ግን አይጠይቅም። ሰውየው ሲደርስለት፣ ራሱ፣ መጀመሪያ ለሚገባው ሰው ይነግራል። ሽማግሌው ሄክተር ለሚስቱ የነገራት ስንት ዓመት ቆይቶ ድንች ሲቆፍሩ ነው፣ ቀና ሳይል፣ አካፋውን ሳያቆም። እሷም አፈሩን እያራገፈች ሰማችው። እስከዚያ ሚስት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እኔም ቁጭ አልኩ። የሮድኒ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ እሱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ካልሲ እጠቅማለሁ። እሱ ሻዩን ይጠጣል፣ መስኮቱን ያያል፣ "እ" ብሎ ተነስቶ ይተኛል። እኔም ለራሴ "ገና ነው" እላለሁ። የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። የሮድኒ እህት ነኝ፣ የዋረን ሚስት ነኝ። ከእኔ በፊት ማን ይኖራል?

ካልሲዬ ሲሚንቶው ወለል ላይ ባለው ውሃ ሲርስ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብለጥፍ ሁሉንም እሰማ ነበር። አልለጠፍኩም። የራሴን ነገር እንደ ሌባ አልሰማም ብዬ ቦቲዬን መልሼ አጠለቅኩ፣ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ በሩን እስኪንቀጠቀጥ ዘግቼ እንደ አዲስ ገባሁ። ማድቤቱ ጭጭ ብሏል። ተከራያችን ኢሞጀን ምድጃው አጠገብ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ ተቀምጣለች፣ እንደ ቤቷ። እኔ ከፋሲካ ጀምሮ የደበቅኩት የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ዋረን ደግሞ ጢሙን ተላጭቷል፣ በማክሰኞ ምድር። የለበሰው ሰማያዊ ሹራብ እኔ የሠራሁለት ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቼ ስሰጠው "ያሳክከኛል" ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከትቶት ነበር። ዛሬ አላሳከከውም።

"ቶሎ መጣሽ" አለኝ።

"ጀልባ የለም።"

"እ" አለ፤ ኮፍያውን አንስቶ ወደ ወደቡ ሄደ። የእኔና የእሱ ጨዋታ ይኸው ነው። ከሲልቪያ በኋላ ከወደቡ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ የሌላ ሰው ገመድና የሌላ ሰው ወጥመድ ይጠግናል።

ስለ ሴትየዋ ልንገራችሁ። ደራሲ ናት፣ ከሜልቦርን። በሰኔ መጥታ ፎቁን ተከራየች፣ በሳምንት መቶ ሰማንያ ዶላር፣ ማገዶውን ጨምሮ። ፎቁ የሮድኒ ክፍል ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ ስለዛገ ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር እንጂ እኔ በዚያ ክፍል ሰው አላስገባም ነበር። የመጣች ቀን "ክረምቱን ላዳምጥ ነው የመጣሁት" አለችን። ዋረን እንኳ ፈገግ አለ፤ እኛ በነጻ የምንጠላውን ነፋስ ከፍላ ልትሰማ የመጣች ሴት! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልመጣልኝም አለች፣ ከተማው አደረቀኝ አለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ ቢጫ የዝናብ ልብሷን ለብሳ የወደቡ ጣውላ ላይ ስትመላለስ፣ ልጆቹ "ሙዝ መጣ" እያሉ ሲስቁባት አዝንላት ነበር። ሾርባ ጨመርኩላት። የሮድኒን ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥቼ ሰጠኋት፣ እኔው ራሴ። ከዚያ አንድ ቀን ጉንጯ ቀልቶ ከፎቅ ወረደችና "ሬሊን፣ መጣልኝ!" ብላ አቀፈችኝ። እኔም እሰይ አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሴ በላይ ያለው ጣውላ ወለል አልተኛም፤ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ስትጽፍ ጣቶቿ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ከየት እንደመጣላት አልጠየቅኳትም። ነፋሱ የሰጣት መስሎኝ ነበር። ነፋሱ ምን ሊሰጣት!

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። "ዳቦ ልገዛ ነው" ብዬ ወጣሁ፤ ዳቦ ነበረን። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የስካሎፕ ኬኩ ዋጋ ደግሞ ከፍ ብሏል፣ እኛ የሰነጠቅነውን መልሰው በአሥራ ሁለት ዶላር ይሸጡልናል። ባለቤቱ ገና ሳልቀመጥ "ደራሲዋ ደህና ናት? ነይ በያት፣ የምትወደውን አስቀምጬላታለሁ" አለኝ። እኔ በዚያ ዳቦ ቤት ሠላሳ ዓመት ገዝቻለሁ፤ የምወደውን ያስቀመጠልኝ ሰው የለም። ሻይ ይዤ በመስኮቱ በኩል ወደ ወደቡ ሳይ ዋረንን አየሁት፣ ክምር ገመድ ላይ ተቀምጦ የተበጠሰውን ያያይዛል። እጁን አየሁት። እጁ ጥሩ እጅ ነው፤ ከሮድኒ ወዲህ እንኳ ዘጠኝ ዓመት እዚያ እጅ አጠገብ ተኝቻለሁ። አልጋዬን ብትወስድብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አልጋ የሚወስዱባቸውን ሴቶች አውቃለሁ፤ ይሰድባሉ፣ ዕቃ ይሰብራሉ፣ ከተማው ሁሉ ከእነሱ ጋር ይቆማል። የእኔን ግን ለማን ልናገር? "ባሌ ለሌላ ሴት አወራላት" ብል "ታዲያ ምን አለበት እቴ?" ነው የሚሉኝ።

ከሰዓት ጀልባዎቹ ገቡና ወደ መሰንጠቂያው ተመለስን። ቦታው ረጅም ቆርቆሮ ሼድ ነው፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ። ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመን፣ ዛጎሉን በግራ እጅ፣ አጭሩን ቢላዋ በቀኝ፤ ትከፍቻለሽ፣ አንጀቱን ትጥያለሽ፣ ነጩን ሥጋ ወደ ባልዲ፣ ቅርፊቱን ወደ ኋላ። የሚከፈለን በኪሎ ስለሆነ እጅ አያርፍም፣ አፍም አያርፍም። ከጎኔ የምትቆመው ግዌንዳ ናት፣ ከልጅነት አንስቶ። በዚያ ብርድ ጸጉሯን ተሠርታ መጥታለች።

"ይሄ ደግሞ ለማነው?" አልኳት።

"ለመጽሐፉ ነዋ! ሴትየዋ ነገ መጥታ ልታየን ነው። በዚህ በሥራ ላስቲክ ኮፍያ ልግባ ታሪክ ውስጥ?"

ከማዶ ወፍራሟ ቤሪል ቢላዋዋን አነሳች። "እኔ ነግሬያታለሁ፣ አርባ ኪሎ ቀንሺልኝ ብያታለሁ። ደራሲ አይደለች? እሷን ምን ይጎድልባታል፣ ቀለም ብቻ ነው።"

ሼዱ በሳቅ ተናወጠ። ግዌንዳ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። "አንቺ ግን ተጠንቀቂ ሬይ። ባልሽን ከነመረቡ ልትወስደው ነው እያሉ ነው።"

"ትውሰደው። ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋል፣ ለእሷም ይድረሳት።"

"ኧረ ለእሷ አያንኮራፋም፣ ያወራላታል አሉ እንጂ! በየማለዳው ጣውላው ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ… ዋረን! እኔ ዲዳ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት።"

ሳቁ ላይ እኔም ሳቅኩ። ካልሳቅሽ ያውቁብሻል። ግዌንዳ ግን ታውቀኛለች፤ ቆየት ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሮድኒንም ልታስገባው ነው አለችኝ። ስሙን ለውጣ ነው፣ ግን እሱ መሆኑን ማን ያጣዋል። አንቺ ፈቅደሽ መስሎኝ ደስ አለኝ።" አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ መጽሐፉ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድሮ፣ ቤሪል አንብባው፣ ግዌንዳ አንብባው፣ የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ አንብቦት፣ እኔ ልገባ ስል ሁሉም ዝም ሲሉ። ወንድሜ እንዴት እንደሞተ አገር አውቆ እኔ የመጨረሻዋ ስሆን። አለቃው ከኋላዬ ጮኸ፣ "ሬሊን! ምነው ምን ነክቶሻል፣ ሥጋውን ጥለሽ ቅርፊቱን ባልዲ ውስጥ እየከተትሽ ነው!" ባልዲውን አየሁት፣ እውነቱን ነው፣ ግማሹ ቅርፊት ነበር። ሴቶቹ አልሳቁም። አለመሳቃቸው ባሰብኝ።

ቅርፊቱን ከባልዲው እየለቀምኩ "ግዌንዳ" አልኳት፣ "አንቺ ብትሆኚ ትጠይቂው ነበር?"

"ማንን?"

"ዋረንን ነዋ።"

ቢላዋዋ ቆመ። "አብደሻል? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ምላሴን ነው የምትቆርጠው። አይጠየቅማ። ይወድቃል ሰውየው፣ አያድርስ፣ ከባሕር የተረፈውን ዶናልድን ሚስቱ ጠይቃው ምን እንደሆነ አላየሽም?" ዶናልድን ያጠፋው መጠጥ ነው፣ ሚስቱ ከመጠየቋ በፊት ነው የጀመረው። ግን በእኛ ዘንድ ነገሩ እንዲያ ሆኖ ነው የሚነገረው።

ወደ ቤት ስመለስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ክረምት ነውና ጨልሟል። ዋረን ነፋሱ ስለበረታ የሰው ጀልባ ገመድ ሊያጠብቅ ቀርቷል። ኢሞጀን ማድቤት ውስጥ ቆማ ድንች ትልጣለች። እንድትልጥ ማንም አላዘዛትም። ኮቴን ሰቀልኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ጀርባዋን አየሁት። ቀጭን ጀርባ ነው፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። የምትለብሰው ሹራብ የክርኑ ክር አልቆ ተቀዷል፤ ሌላ ቀን ቢሆን "አምጪው ልጥቀምልሽ" እላት ነበር።

ሳትዞር "ጠዋት በሩን ሁለት ጊዜ ነው የዘጋሽው" አለች።

ፎጣውን መልሼ ሰቀልኩ።

"ሰምተሻል ማለት ነው።"

"ስም ሰማሁ። ሌላ አልሰማሁም።"

ያን ጊዜ ዞረች፣ ድንቹን እንደያዘች። ፊቷ ተለወጠ። "ሬሊን… እኔ እኮ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው። ለአንቺ ተናግሮ፣ ደጋግሞ ተናግሮ፣ እኔ ስንተኛዋ እንደሆንኩ እንኳ አላስብም ነበር። እንግዳ ስለሆንኩ የነገረኝ መስሎኝ…"

"የመጀመሪያዋ ነሽ" አልኳት። "እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፣ ተራዬ ግን ገና አልደረሰም።"

አለቀሰች። ዓይኗ ሞላ፣ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። በሕይወቴ እንደዚያ እንባ የቀናሁበት ነገር የለም። ወንድሜን አታውቀው፣ ፎቶውን ነው ያየችው፣ ግን የምታለቅስለትን ነገር አውቃ ነው የምታለቅሰው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያለቀስኩት በጭፍን ነው፤ በአንዱ ቀን ብርዱ ነው የገደለው ብዬ፣ በአንዱ ቀን ድንጋይ መታው ብዬ፣ በአንዱ ቀን ጠርቶኝ ይሆን ብዬ። እሷ ግን ቁልጭ አድርጋ ታለቅሳለች።

"ካልሽ ከመጽሐፉ አወጣዋለሁ" አለች። "እምልልሻለሁ። ወይም የጻፍኩትን ላንብብልሽ። ወይ ደግሞ… ልንገርሽ? አሁን፣ እዚሁ ልንገርሽ?"

አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ። "ንገሪኝ" ብል ትነግረኝ ነበር፣ ደግሞ አሳምራ ነው የምትነግረኝ፣ ሥራዋ ነው። በጣም ነው መስማት የፈለግኩት። ግን እልኸኛ ነኝ፣ እናቴም "ይቺ ልጅ በሬ ናት፣ ዞራ አትሄድም" ትል ነበር።

"አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አልኳት። "ወንድሜን ከአንቺ እጅ አልቀበልም። ወደ ላይ ውጪ። ደግሞ ድንቹን ወፍራም አድርገሽ ነው የምትልጪው፣ ግማሹን ለዶሮ ሰጠሽው።"

ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። ደረጃው አንድ በአንድ ጮኸ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወለል፣ ከዚያ የሮድኒ አልጋ። ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ግን አልነበረም።

ዋረን ሲገባ ድንቹ እየፈላ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ፣ እጁን ምድጃው ላይ ዘረጋ፣ "ነፋስ" አለ። አዎ፣ ነፋስ። ሰማያዊው ሹራብ ረጥቦ ትከሻው ላይ ተጣብቋል። ሌላ ጊዜ ፎጣ እሰጠዋለሁ፣ ሳህን አቀርባለሁ፣ ዝም እንላለን። አልሰጠሁትም፣ አላቀረብኩም። ቁጭ በል አልኩት፣ ተቀመጠ። እንዲህ ያለውን ቃል የሚያወጣ ሰው ከካሪክ ይባረር እንደሆነ አላውቅም፣ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

"ሮድኒ እንዴት ሞተ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እንደ ዶናልድ ሊወድቅ ነው ብዬ ጠረጴዛውን ያዝኩ። አልወደቀም።

"ቶሎ ነው የሆነው" አለ። "ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። አልተሰቃየም።"

ይኸው፣ አለቀ። ይቺ ለፖሊሱ የነገራት ናት፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው። ጠዋት እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ ካልሲዬ እስኪርስ የሰማሁት ድምፅ ይሄ አልነበረም። በዚያ ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

"ለእሷ የነገርካትን ንገረኝ።"

"ሬይ…"

"ለእሷ ረጅሙን፣ ለእኔ አጭሩን? እህቱ እኔ አይደለሁም? ለምንድነው ለእሷ?"

"ጠየቀችኛ" አለ።

"አይጠየቅማ! እየጠበቅኩህ እኮ ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ አፍህን እየጠበቅኩ!"

"እኔም እስክትናገሪ እየጠበቅኩሽ ነበር" አለ። "ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ ፊት ለፊቴ ስትቀመጪ… ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ደርሰሽበት፣ እያየሽ የምትቀጪኝ መስሎኝ። በየዓመቱ የምፈራው ያንን ምሽት ነበር።"

እኔ እንደ ደግነት ያቀረብኩለት ወንበር! እሱ ደግሞ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የእንጨቱን መስመር እያየ ጀመረ። ከአለቱ አጠገብ እንደተገለበጡ፣ ሲልቪያ ወዲያው እንደሰጠመች፣ የዓሣው የበረዶ ሳጥን ክዳን ብቻ ተንሳፍፎ እንደቀረ። ክዳኑ ሁለት ሰው አይችልም። አንዱ ይተኛበታል፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጠርዙን ይይዛል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሰዓት የላቸውም። "ዘዴውን ያመጣው ሮድኒ ነው" አለ፣ "የእግር ኳስ ክለባችንን መዝሙር አንድ ጊዜ ዘፍነን ስንጨርስ እንለዋወጥ አለ። የተኛው ይዘፍናል። መጀመሪያ እየሳቅን ነበር። 'ዜማውን ስታበላሸው በሳቅ ውሃው ይሞቀኛል' አለኝ፣ ታውቂው የለ እሱን።" አውቀዋለሁ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዋረንም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ከዚያ ፊቱ ተዘጋ። "ብዙ ጊዜ ተለዋወጥን። ጨለመ። እጄን አላውቀውም፣ እግሬን አላውቀውም። ተራዬ ሆኖ ወጣሁ። ቀስ አድርጌ ዘፈንኩት ሬይ። ቃሉን እየጎተትኩ። ሲያልቅ… ሲያልቅ ደግሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።"

ድንቹ ይፈላል። ክዳኑ ይንቀጠቀጣል።

"እሱስ?"

"ማለቁን ያውቃል። መዝሙሩን ከልጅነቱ ነው የሚያውቀው። ተራዬ ነው አላለም። አብሮኝ ዘፈነ። ሁለተኛውን አብሮኝ ዘፈነ፣ እስከ መሀሉ።"

ልጠላው ሞከርኩ፤ ከእኔ በላይ ማን መብት አለው? ግን ጥላቻው ከመድረሱ በፊት ያቺው የቆየችው ቅናት ቀደመችው። ይሄን ነው ሴትየዋ ሆዷ ውስጥ ይዛ ጠዋት ጠዋት ቅቤ አቀብይኝ የምትለኝ። ወንድሜ አብሮ መዝፈኑን ከእኔ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ይሄን ከእሷ መልሼ ልወስደው አልችልም፣ ከመጽሐፉ ብታወጣውም ከራሷ አታወጣውም። ከላይ ወለሉ ጮኸ። አልጋው ላይ አልነበረችም ማለት ነው፤ ከደረጃው አናት ቆማለች።

"ስትነግራት" አልኩት፣ "ዘፈንክላት?"

"ምን?"

"መዝሙሩን። እንደዚያን ቀን፣ እየጎተትክ።"

ክፉኛ ደነገጠ። "አልዘፈንኩም። እንዴት ብዬ? ከዚያ ወዲህ አፌ ገብቶ አያውቅም።"

ተነሳሁ። ከምድጃው በላይ ያለውን ማናፈሻ ከፈትኩት፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር፤ አሮጌ ነው፣ እንደ ጀልባ ሞተር ያጓራል። የማድቤቱን በር ዘጋሁ። የቧንቧውንም ውሃ ለቀቅኩት። ከዚያ ወንበሬን ጎትቼ ጉልበታችን እስኪነካካ ተጠጋሁት። እርጥብ ሱፍ ሸተተኝ። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

"አትሰማም" አልኩት። "በል ዝፈንልኝ። እሱ እስከደረሰበት ድረስ።"

አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።